ሰም የነጠበበት ካባ

አስቀድሜ ልናገር። ይህ ጽሑፍ ስለ ልብስ ነው፤ ስለ ለባሽ አይደለም። ለባሾቹ የተከበሩ የካቶሊክ አባቶች ናቸው፤ ክብራቸውንም ከማንም ይበልጥ ራሳቸው ስለሚያውቁት የእኔ ምስክርነት ትርፍ ነው። እኔ በቅርብ የማውቀው ካባቸውን ነው። እሱንም ያወቅሁት ልደታ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለች አንዲት ጠባብ ላውንደሪ ውስጥ፣ ሸሚዜ እስኪተኮስ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነው።

ልደታ ካባ የሚበዛበት ሰፈር ነው። ፍርድ ቤቱ እዚሁ ስለሆነ የዳኛና የጠበቃ ጥቁር ካባ ሲመላለስ ይከርማል። ትምህርት ሲዘጋ የተመራቂ ካባ ይከተላል፤ ፋሲካ ሲያልፍ የሙሽራ። የግንቦት ልደታ ሊደርስ ሲል፣ ሰፈሩ ገና ንፍሮውን ሳይጥድ፣ የካህናቱ ይመጣል። ባለ ላውንደሪው ለሁሉም የሚያስከፍለው እኩል ነው። አመጣጣቸው ግን ይለያያል። ጠበቃው ደረሰኙን ሳያነብ ኪሱ ይከታል፤ ሙሽራው ዋጋ ይከራከራል፤ አባ ግን ቀና ብለው የተሰቀለውን ሁሉ ይቃኙና «ያኛው ካባ የማን ነው?» ይላሉ።

«እንደ አባቶች የሚቀና ደንበኛ የለኝም» ይላል ባለ ላውንደሪው፣ በአክብሮት።

አባቶች ወደዚህ ቤት የመጡት በሰም ምክንያት ነው። ከሻማ የነጠበ ሰም ከወርቀ ዘቦ ላይ ማንሳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በሙቅ ውኃ ቢያጥቡት ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ በጥፍር ቢፍቁት የወርቁ ክር አብሮ ይነቀላል። ሰውዬው ካባውን ገልብጦ ያነጥፈዋል። ከሥሩ አንድ፣ ከላዩ አንድ ቡናማ የስኳር ወረቀት ያደርግበታል። ጋዜጣ አይጠቀምም፤ ቀለሙ ይጋባል። («ጋዜጣ የነካው ካባ ከዚያ ወዲያ አይነጣም» ሲል በእኔ በኩል አየት ያደርጋል፤ ሥራዬን ማን እንደነገረው እንጃ።) ከዚያ ለብ ያለ ካውያ ያሳርፍበታል። አይገፋውም፤ ያሳርፈዋል፣ ያነሳዋል። ወረቀቱ ላይ የቅባት ክብ ብቅ ይልና ይሰፋል። ወረቀት ይቀይራል፣ ደግሞ ያሳርፋል። ሦስት አራት ጊዜ ሲመላለስ ሰሙ ሁሉ ወደ ወረቀቱ ሄዶ ያልቃል፤ ጨርቁ ላይ ወርቁ ብቻውን ይቀራል። የቅኔ ተማሪ ኮቾሮ ተሸክሞ ከጎጃም ጎንደር ለዓመታት የሚንከራተትለትን ጥበብ ይኼ ሰው በካውያ ይጨርሰዋል።

አንድ ጥቅል ሲመጣ በልጁ ያስመዘግባል፦ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ካባ፣ አንድ ቅናት። ቀሚሱ ይሳሳል፤ ካባው ፀሐይ ይመታዋል፤ «ቅናት አርጅቶ ግን አይቼ አላውቅም» ይላል። «ሲታጠብ ኖሮ አይለቅም። ካባውን ረስቶ የሄደ አባት አጋጥሞኛል፤ ቅናቱን ጥሎ የሄደ የለም።» ካባው ጀርባ ላይ ደግሞ ትልቅ መስቀል አለ። የተጠለፈ ነው። አንዳንዱ እዚሁ ሽሮ ሜዳ የተጠለፈ ነው፤ ዋጋ የሚያወጣው ግን ሮም ተጠልፎ የመጣው ነው። አባቶች መስቀላቸውን እንደታዘዙት ተሸክመዋል፤ በክር ስለሆነ ትከሻ አይቆርጥም።

ልብስ አጣቢ የንስሐ አባት ባይሆንም ከንስሐ አባት የሚሰወር ነገር ከእሱ አይሰወርም። ቀሚስ ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው ጉልበቱን ነው። ጉልበቱ የሳሳ ቀሚስ አንድ ዓይነት ሥራ ይናገራል፤ መቀመጫው የሳሳ ሌላ ዓይነት። የኋለኛው እየበዛ መሄዱን በስብሰባ ብዛት ያመካኛል። ከዚያ ኪስ ይፈትሻል፤ ብር ወይ እስክሪብቶ እንዳይቀር። አንድ ቀን ከአንድ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፦ የአንድ ክብረ በዓል የመቀመጫ ተራ። ከስሞቹ አንዱ በእርሳስ ተሰምሮበታል። ከሱ በላይ ያለው ስም በቀይ ተከቧል፤ ከጎኑም ትልቅ የጥያቄ ምልክት አለ። ወረቀቱ እንዳለ ታጥፎ ወደ ኪሱ ተመለሰ። ሰውዬው ያገኘውን ዕቃ አይሰርቅም።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ሁለት ካባዎች ለመናገር ነው። አንደኛው ነጭ ነው፤ ሁለተኛው ክሬም። ለእኔ ዓይን አንድ ናቸው፤ መብራት ሲጠፋማ ባለ ላውንደሪውም ቁጥራቸውን ነው የሚያየው። በሁለቱ ባለቤቶች ዓይን ግን በነጭና በክሬም መካከል ያለው ርቀት ከልደታ እስከ ሮም ነው። ከየትኛው ቁምስና እንደመጡ አልናገርም፤ ካባ አድራሻ የለውም።

ነጩ ካባ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ጠርዙ ላይ ሁለት ጣት ወርቀ ዘቦ ነበረው። የክሬሙን ካባ ሊወስድ የመጣ ልጅ ያያል፤ ሄዶ ይናገራል። በሚቀጥለው በዓል ክሬሙ ሦስት ጣት ሆኖ መጣ። ነጩ አራት አለ። ክሬሙ ዘርፍ ጨመረ። ነጩ ዘርፉ ላይ ትንንሽ ቃጭል አስተከለ፤ በቅዳሴ ዙረት ጊዜ ዲያቆኑ ካነሳው ጽናጽል ይበልጥ ይሰማል አሉ። ከዚያ በኋላ በጣት መለካት ቀርቶ በስንዝር ሆነ። «ለአንዱ ሲቀናው ሌላው ይቀናል፤ እኔ ምን ቸገረኝ፣ እተኩሳለሁ» ይላል ሰውዬው። ይህ ሁሉ ወርቅ ከየት ይመጣል ብላችሁ እንደሆነ፣ ምንጩ የታወቀ ነው፤ አሥራቱን ምእመኑ ያወጣል፣ በኩራት ደግሞ አባቶች ይለብሱታል።

በመጨረሻ ነጩ ካባ በወርቅ ብዛት ደድሮ ያለ መስቀያ ብቻውን መቆም ጀመረ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ሰውዬው ከመጋረጃው ጀርባ የከሰል ካውያውን ሲያራግብ፣ አንዲት እማማ ነጠላቸውን ሊወስዱ ገቡ። በጨለማው ውስጥ ካባው ግርማ ሞገሱን ተላብሶ ቆሟል። እማማ ጎንበስ ብለው ጫፉን ተሳለሙ። «አባ፣ ይባርኩኝ።» ባለ ላውንደሪው ምን ያድርግ? ከመጋረጃው ጀርባ «እግዚአብሔር ይባርክዎ፣ እማማ» አለ። ደስ ብሏቸው ወጡ። ነጠላቸውንም ረሱ። በማግስቱ ሲመጡ እውነቱን ነገራቸው፤ እሳቸው ግን አልደነገጡም። «ምን አለበት ልጄ፤ እኛ ድሮም ቡራኬ የምናገኘው ካባ ነው» አሉ።

ያን ሌሊት የክሬሙ ካባ ጀርባውን ወደ ነጩ አዙሮ አደረ ይባላል። በሩ ነፋስ ያስገባል።

ይህ የካባ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ወደ አገራችን ከባሕር ማዶ ከመጡት ካባዎች ቀደም ካሉት አንዱ ውስጡ ጳጳስ አልነበረበትም። ዡዋዎ ቤርሙዴሽ እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣ ሐኪም ነበር፤ የዚያን ዘመን ሐኪም በዋግምት ደም የሚያወጣ፣ ጢም የሚላጭ ነው። መልእክተኞቹ ሲመለሱ እሱ ቀረ። ዐፄ ልብነ ድንግል እርዳታ እንዲጠይቅ ወደ አውሮፓ ላኩት፤ በ1541 ከክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ጦር ጋር ሲመለስ ፓትርያርክ ሆኖ መጣ። አቡነ ማርቆስ ሲሞቱ ሾመውኛል፤ የሮሙም ጳጳስ አጽድቆልኛል አለ። ዐፄ ገላውዴዎስ ነገሩ ስላልጣማቸው የፖርቱጋልን ንጉሥ ጠየቁ፤ ንጉሡም ይህ ሰው ተሰጠኝ ስለሚለው ሥልጣን የማውቀው ነገር የለም የሚል መልስ ሰደዱ። ቤርሙዴሽ ግን ማዕረጉን አላወለቀም። በ1565 ሊዝበን ላይ ባሳተመው መጽሐፉም ራሱን ፓትርያርክ እንዳለ ነው። እኔ አልፈርድበትም። ምላጭ ይዞ የሰው ራስ ላይ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን የራሱ ራስ ላይ ቆብ ቢያምረው ምን ይገርማል?

ደግነቱ እሱ በ1556 ከአገር ሲወጣ በዓመቱ እውነተኛው ጳጳስ ገቡ፤ አንድሬስ ዴ ኦቪየዶ። እሳቸው የሚያሳዝን የልብስ ታሪክ ነው ያላቸው፦ ምንም። በትግራይ ፍሬሞና እስከ 1577 ኖረው እዚያው ሞቱ። ድህነታቸው ከመጠን ያለፈ ስለነበር ለሮሙ ጳጳስ የሚጽፉበት ወረቀት አጥተው ከጸሎት መጽሐፋቸው ባዶ ገጽ ቀደዱ ይላሉ የኢየሱሳውያን ጸሐፊዎች። እንዲህ ባለው ሰው ላይ ማን ይቀናል? ስለዚህ ስማቸውን የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ካባ ማለት ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ከሳቸው በፊት ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ገብተው፣ ግእዙንም አማርኛውንም ተምረው፣ ሕንፃ እየገነቡና ምንጭ ፍለጋ እየወጡ፣ ዐፄ ሱስንዮስን በወዳጅነት አግባብተው ነበር። ፓኤዝ በ1622 ሞቱ። ሜንዴዝ በ1625 መጡ፤ በየካቲት 1626 ደንቀዝ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከነመኳንንቱ በፊታቸው ተንበርክከው ለሮም ታማኝነታቸውን ማሉ። ሜንዴዝ አንዴ የተንበረከከ ሰው ካዩ በኋላ ቆሞ የሚሄድ ሰው ማየት አልቻሉም። የተጠመቀውን እንደገና ይጠመቅ፣ የተካነውን እንደገና ይካን፣ የተባረከውን ቤተ ክርስቲያን እንደገና ይባረክ አሉ። አገር ተላለቀ። በ1632 ሱስንዮስ በእልቂቱ ተሰላችተው ለሕዝቡ ሃይማኖቱን መለሱለት፤ የተኳቸው ፋሲለደስ ደግሞ ኢየሱሳውያኑን አስወጡ። ሜንዴዝ ጎዋ ላይ እስኪያርፉ ድረስ የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ተብለው ቆዩ። አገሩ ቀርቶ ካባው ተረፈ። በሙያ ቋንቋ ብንናገር፣ ከመጠን በላይ ስታርች የበላ ልብስ እጥፉ ላይ ይሰነጠቃል።

የሚቀጥለው የልብስ ታሪክ ለዘመኔ ካባዎች አይመችም፤ በአጭሩ ልለፈው። ሚስዮናዊው ጀስቲኖ ዴ ያቆቢስ በ1839 ዐድዋ ሲገቡ የአገሬውን መነኩሴ ልብስ ለበሱ። ጳጳስ ሁን ሲባሉ እምቢ ብለው ዓመት ከመንፈቅ ያህል አንገራገሩ፤ በመጨረሻ ማሳያ የሚባለው፣ ኋላ ካርዲናል የሆነው የካፑቺን መነኩሴ፣ በጥር 1849 ምጽዋ ላይ በሌሊት በድብቅ ሾማቸው። የሌሊት ሹመት ምን ያደርጋል? ሰው ካላየው፣ ካሜራ ከሌለው፣ ጎረቤት ቁምስና ካልሰማው! በ1860 መንገድ ላይ፣ በረሃ ውስጥ ሞቱ። በ1975 ቅድስና ታወጀላቸው። ዛሬ ሥዕላቸው በየቁምስናው ተሰቅሏል፤ አባቶች ይሳለሙታል፤ ልብሳቸውን ግን እስካሁን ለልኬት ያመጣ የለም።

አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቷል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ካቶሊኩ ከአገሩ ሕዝብ 0.7 ከመቶ ነበር። መንጋው ጥቂት ከሆነ እረኞቹ እጅ ለእጅ የሚያያዙ ይመስለኝ ነበር። ባለ ላውንደሪው ሳቀብኝ። «መስቀያው አጭር ሲሆን ነው ልብስ የሚጋፋው» አለ። የእሱን ሒሳብ ተከትዬ ሳሰላ እውነት ነው። የካርዲናል ቀይ ቆብ ኢትዮጵያዊ ራስ ላይ ያረፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ለብፁዕ አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ፣ በ2015 ለብፁዕ አቡነ ብርሃነየሱስ ሱራፌል። በሠላሳ ዓመት አንድ ቆብ ማለት ነው። ራሱ ግን በየዓመቱ ይካናል። የቀረው ምን ይሁን? ቀይ ያጣ ወይን ጠጅ ያያል፤ ወይን ጠጅ ያጣ ነጭ፤ ነጭ ያለው ደግሞ ክሬሙ ላይ ያፈጣል። ልብ በሉ፣ ክሬሙ ዳኛው ካባ ላይ አይቀናም፤ ሙሽራው ላይም አይቀናም። አጠገቡ የተሰቀለው ላይ ነው። አንድ ዘርአ ክህነት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ድስት ወጥ ተካፍለው ያደጉ ናቸውና።

ሮም ይህን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። የሮሙ ጳጳስ ጳውሎስ ስድስተኛ በኅዳር 1964 ሦስት ድርብ ዘውዳቸውን አውልቀው ለድሆች ብለው መሠዊያው ላይ አኖሩት። በዓመቱ አርባ የሚያህሉ ጳጳሳት ዶሚቲላ ከሚባለው የምድር ውስጥ መቃብር ገብተው ያማረ ልብስና የተንቆጠቆጠ ማዕረግ ይቅርብን ሲሉ ፈረሙ። ያኔ ሮም በተሰበሰበው ጉባኤ ከሁለት ሺህ በላይ ጳጳሳት ነበሩ፤ የተቀሩት ያን ቀን ልብሳቸውን ላውንደሪ ሰጥተው ይሆናል። በ1969 የካርዲናልና የጳጳስ ልብስ እንዲቀል መመሪያ ወጣ። በ2014 የወቅቱ ጳጳስ ፍራንቸስኮስ ሞንሲኞር የሚባለው ማዕረግ ለሀገረ ስብከት ካህናት ከ65 ዓመት በታች እንዳይሰጥ ከለከሉ፤ ከዚያ ወዲህ በ64 ዓመቱ ልደቱን እንደ ሕፃን ቀን ቆጥሮ የሚጠብቅ ካህን ቢኖር አይፈረድበትም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሹሞቻቸውን ለበዓል ሰብስበው አሥራ አምስት በሽታ ቆጠሩላቸው፤ ሰባተኛው ፉክክርና ከንቱ ውዳሴ ነው፣ የልብስ ቀለምና የክብር ምልክት የሕይወት ግብ ሲሆን። በ2022 ደግሞ በሲሲሊ ካህናት ላይ ልብሳቸው ላይ ስላለው የሴት አያት ዳንቴል ተሳለቁባቸው። ምላሹ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ሰሚ በልቡ ጎረቤቱን ያስባል።

የዳንቴሉ ወሬ ልደታም ደረሰ።

መጀመሪያ የክሬሙ ካባ ልጅ መጣ። «ወርቁን ፍታልን ተብያለሁ» አለ። ባለ ላውንደሪው ምላጭ አንስቶ ሲፈታ ዋለ፤ አንድ ስንዝር፣ አራት ጣት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ባዶ። ክሬሙ ካባ ተራ ጨርቅ ሆኖ ተሰቀለ። ሳምንት ሳይሞላ ነጩ መጣ፤ ወርቁም ቃጭሉም ይውጣ፣ ገበሩም ይውለቅ። ክሬሙ ይህን ሲሰማ ሐሩን ትቶ በአቡጀዲ ተሰፋ። ነጩ የብር መስቀሉን በብረት ለወጠ። ማንም ከማንም በላይ ትሑት እንዲሆን አይፈቀድም። አሁን ዙረቱ ላይ ማን እንደሚበልጥ የሚታወቀው በመሳሳት ነው፤ ምእመናንም መጀመሪያ ግራ ተጋብተው ነበር፣ ለመዱት።

እንዲህ ባለው ሰሞን ከገጠር የመጣ አንድ ቀሚስ መስቀያው ላይ ተገኘ። ባለቤቱ ለሱባዔ አዲስ አበባ የመጡ አባት ናቸው። ጫፉ ቀይ አፈር ነክሶታል፤ እጅጌው ላይ ጠመኔ አለ፤ ኪሱ ውስጥ የአውቶቡስ ትኬትና ባዶ የክኒን ቅጠል ተገኘ። ጉልበቱ ግራም ቀኝም የተጣፈ ነው፤ መጣፊያው ራሱ ሳስቷል። ሰም የለበትም። ባለ ላውንደሪው አጥቦ ሲሰቅለው ትንሽ ቆም ብሎ ያየው ይመስለኛል፤ ቢሆንም ሒሳቡን አልቀነሰም፤ እሳቸውም አልተከራከሩም።

በማግስቱ የነጩ ካባ ባለቤት በአካል መጡ። ልጅ አልላኩም። ቀና ብለው መስቀያውን ቃኙ፤ ክሬሙን አለፉት፤ ገጠሬው ቀሚስ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቀረ። ቀረብ ብለው የጉልበቱን መጣፊያ በሁለት ጣታቸው ዳሰሱ።

«ይኼ የማን ነው?»

«የእንግዳ ነው አባ።»

ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የያዙትን ጥቅል ባንኮኒው ላይ አኖሩ። ውስጡ ጥቁር ቀሚስ ነው፤ ገና ያልታጠበ፣ ክሩ የሚያብረቀርቅ።

«ልጄ፣ ጉልበቱን ማሳሳት ትችላለህ?»

«በምን አባ?»

«በጡብም ይሁን በአሸዋ፣ ሙያው ያንተ ነው። ሁለቱም ጉልበት እኩል ይሁን ብቻ።»

ባለ ላውንደሪው ጨርቁን በጣቱ አሸት አሸት አደረገና ወርቁን ለመፍታት ካስከፈላቸው እጥፍ ጠራ። አባ ዋጋው ከበደኝ አላሉም። በአገጫቸው ወደ ክሬሙ ካባ እያመለከቱ፣

«ለመሆኑ እሳቸው ስንት ከፈሉ?» አሉ።